ለሩቅ መንገድ የሚሆን የሞተር ብስክሌት መቀመጫ እንዴት እንምረጥ?

(በሠፈር ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሞተር ነጂ አባሎች ስም የተሰጠ ንግግር። መምጣት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ እንድንናገርበት የተፈቀደልን ርእስ ሲሰሙት ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው። ከእናንተ መካከል «ስለ ሞተር መቀመጫ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል? ይቀመጡበታል፣ አለቀ!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ራሳችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምናስበው እንደዚያው ነበር። ሞተር ሲገዛ ድምፁ ይሰማል፣ ጎማው ይታያል፣ ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ይሞከራል፤ መቀመጫው ግን በእጅ መታ መታ ተደርጎ ይታለፋል።

እንደምታውቁት በሠፈራችን ሞተር የሚነዳው ሰው ጥቂት አይደለም። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ የሚዞር ጤና ሠራተኛ አለ፤ በየወረዳው የሚመላለስ ባለሙያ አለ፤ ቡና የሚነግድ አለ፤ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ አለ። ከሐዋሳ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያቤሎ ድረስ 300 ገደማ ይሆናል፤ ሞያሌ የሚዘልቀው ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ይህን ሁሉ መንገድ ሰውየው የሚያሳልፈው አንዲት ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው።

ይህን ጉዳይ ወደ እናንተ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን አንዱ አባል ሩቅ መንገድ ስለሚበዛበት፣ መቀመጫውና ወገቡ እያመመው ቢያስቸግረው ምክር ጠየቀን። እኛም ተሰብስበን «ምን ትሠቃያለህ? ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ አስጨምርበት፤ ሶፋ አድርገህ አሠራው» አልነው። እርሱም ቃላችንን አምኖ አሠራ። ሥራው ሲያልቅ ሁላችንም በየተራ ተቀምጠንበት አደነቅን። በእውነትም ሶፋ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቱን አፈናጦ ከያቤሎ ሲመለስ፣ ዲላ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከብቶች መንገድ ስላቋረጡበት ቆመ። እግሩን አወረደ። ለካስ እግሩ ደንዝዞ ኖሯል፤ መሬት መርገጡን እንኳ አላወቀም። በዚያ ላይ መቀመጫው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ስለ ነበረ መሬት የሚደርሰው በእግሩ ጫፍ ብቻ ነበር። ሞተሩ ዘመመ፣ ሁለቱም ወደቁ፣ የባለቤቱ የእጅ አንጓ ተሰበረ። ተመስገን ነው፣ ዛሬ ድና እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ከኋላ መኪና ቢከተላቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደ ነበረ ግን ሁላችሁም ትገምታላችሁ።

ወንድማችን «ስሜን አትጥሩ እንጂ ነገሩን ተናገሩ፣ ሰው ይማርበት» ብሎናል። እኛ የምንለው ግን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ሳናውቅ የመከርነው እኛ ነን። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ሌላውን ለማስተማር ብቻ ሳይሆን የሰጠነውን ምክር ለማረም ጭምር ነው።

ልስላሴና ምቾት አንድ አይደሉም

ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን በዋናነት የሚሸከሙት ከዳሌው ግርጌ ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብትወዛወዙ ሁለቱንም ታገኟቸዋላችሁ። ጥሩ መቀመጫ እነዚህን አጥንቶች ከሥር ይደግፍና የቀረውን ክብደት ለዳሌና ለጭን ያካፍላል።

በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ግን ሲቀመጡበት ይሰምጣል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭም አየሩን እየተፋ ይጠፈጠፋል። ያን ጊዜ አጥንቱ የሚያርፈው በስፖንጁ ላይ ሳይሆን ከሥር ባለው ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ላይ ነው። ከጎን ያለው ያልተጠፈጠፈ ስፖንጅ ደግሞ ወደ ላይ ተነሥቶ ጭንንና መሐሉን ይጫናል። ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ ነርቭም ይጨቆናል። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ያቁነጠንጣል፣ ከዚያ ያማል፣ በመጨረሻም ይደነዝዛል። እንግዲህ በጋራዥ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተቀምጠን ያደነቅነው መቀመጫ በሁለተኛው ሰዓት ጠላት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቶቻችን እኮ ይህን ያውቁ ነበር። በቅሎ ሲጭኑ መደላድሉ ካልተስተካከለ፣ ኮርቻውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከከበደ፣ ጀርባዋ ገጣባ ይሆናል። ገጣባ የሚያመጣው የጭነቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ክብደቱ በአንድ ቦታ ቆሞ መፋተጉ ነው። ለበቅሏችን የምናስበውን ያህል ለገዛ ገላችን አላሰብንም ማለት ነው።

በአሜሪካን አገር «አይረን በት» የሚባል የሩቅ መንገድ ሞተር ነጂዎች ማኅበር አለ፤ ስሙ የብረት መቀመጫ እንደ ማለት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ 1000 ማይል፣ ማለትም 1609 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማስረጃውን ላቀረበ ሰው ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የዚያ ጉዞ መጠሪያ ደግሞ ቃል በቃል «የኮርቻ ቁስል» የሚል ነው! በዚያ አገር ለእንዲህ ያለ ጉዞ መቀመጫ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ኮርቢን የሚሠራቸው መቀመጫዎች በጠጣርነታቸው ስም ያወጡ ናቸው። አዲስ ሲሆን ጠጠር ብሎ የሚሰማው መቀመጫ የነጂውን ቅርፅ እየያዘ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።

ከካይሮ ተነሥተው እስከ ኬፕታውን የሚጓዙ የውጭ አገር ሞተር ነጂዎች ወደ ሞያሌ ሲወርዱ አንዳንዶቹ በከተማችን ያድራሉ። አንድ ጊዜ የአንዱን መቀመጫ በእጃችን ብንጫነው ጠጠር ያለ፣ ሰፊ፣ ከላዩም የበግ አጎዛ የታሰረበት ሆኖ አገኘነው። «ይህን የመሰለ ሞተር ያለው ሰው አጎዛ ላይ ይቀመጣል?» ብለን ሳቅን። አሁን ሲገባን ሊሳቅብን የሚገባው በእኛ ነበር።

መጀመሪያ ሕመሙን ጠይቁት

ሐኪም መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ይላል። መቀመጫ ከመግዛትና ከማሠራት በፊትም እንደዚሁ ነው።

ሕመሙ ሁለቱ አጥንቶች ላይ ከሆነ፣ ስፖንጁ አርጅቶ ተጠፍጥፏል ወይም ከመጠን በላይ ጠጣር ነው። በጉልበታችሁ ተጫኑት፤ የሥሩ ፕላስቲክ ከተሰማችሁ ስፖንጁ አልቆለታል።

ሕመሙ ከፊት በኩል ከሆነ፣ መቀመጫው ወደ ቤንዚን ታንኩ ያዘቀዝቃል፤ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ትንሸራተታላችሁ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መቀመጫውን ማለስለስ ሳይሆን ማስተካከል፣ ውኃ ልክ ማድረግ ነው።

ሕመሙ በጭን ውስጠኛው በኩል ከሆነ፣ የመቀመጫው ጠርዝ ስለታም ነው ወይም ከፊት በኩል በጣም ሰፍቷል። ጠርዙን ክብ አድርጎ መላግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሕመሙ በወገብ መጨረሻና በጅራት አጥንት ላይ ከሆነ፣ ጎብጣችሁ ትቀመጣላችሁ ማለት ነው። ምናልባት መሪው ርቋችኋል፤ ምናልባትም የኋለኛው ሰው መቀመጫ እብጠት ወደ ፊት እየገፋችሁ ይሆናል።

ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ደግሞ ከመቀመጫው እስከ እግር መርገጫው ያለው ርቀት አጥሯል። መቀመጫውን ጥቂት ማስነሣት ይረዳል፤ ነገር ግን እግር መሬት መድረሱ እንዳይረሳ!

ከመቀመጫው ውጭ ያለውንም እንመርምር። የኋላው ሾክ ከሞተ የትኛውም ስፖንጅ አያድናችሁም። በኋላ ኪስ የተቀመጠ ወፍራም የገንዘብ ቦርሳ አንዱን ዳሌ አንሥቶ ወገብን ያጣምማል። የጂንስ ሱሪ ወፍራም ስፌት በትክክል አጥንቱ ሥር ይውላል። እነዚህን ለማረም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

መቀመጫው ምን ምን ይኑረው?

አንደኛ፣ ስፋት። ስፋቱ ለሁለቱ አጥንቶች የሚበቃ መሆን አለበት። ይህን በቤታችሁ ልትለኩት ትችላላችሁ። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ቆርጣችሁ ደረጃ ላይ አንጥፉ፤ ቀጭን ልብስ ለብሳችሁ፣ ጥቂት ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተቀመጡበት። ስትነሡ ሁለት ጉድጓዶች ታያላችሁ። ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል ለኩ። የመቀመጫው ጠፍጣፋ ክፍል ከሁለቱ ጉድጓዶች ውጭ በግራም በቀኝም ቢያንስ ሁለት ሁለት ጣት ይትረፈው። በወፍራምና በቀጭን ሰው አይገመትም፤ ቀጭን ሆኖ አጥንቱ የተራራቀ ሰው አለና።

ሁለተኛ፣ ቅርፅ። ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ ይሁን። ከኋላ የሚሰፋው ክብደት እንዲያርፍበት ነው፤ ከፊት የሚጠበው እግር ቀጥ ብሎ መሬት እንዲደርስ ነው። ሆኖም ተቀማጩ ወደ ኋላና ወደ ፊት ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ቦታ ይኑረው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀብር መቀመጫ መጀመሪያ ያቅፋል፣ በኋላ ያሥራል።

ሦስተኛ፣ ስፖንጅ። ስፖንጅ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው መጠኑ እኩል ሆኖ ስንት ይመዝናል የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ሲጫኑት ምን ያህል ይቋቋማል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከባዱ ዕድሜ አለው፣ ቶሎ አይሞትም፤ ቀላሉ ዛሬ ጠጠር ቢልም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ከሁለት ዓይነት ስፖንጅ እኩል አስቆርጣችሁ በሚዛን አስመዝኑ። ከሥር ጠጠር ያለና ከባዱ፣ ከላይ ደግሞ ጣት በማይሞላ ውፍረት ለስለስ ያለው ቢደረግ መልካም ነው። የተገላቢጦሽ ከሆነ ያው የወንድማችን ሶፋ ነው።

አራተኛ፣ ልብስ። ተራው ሰው ሠራሽ ቆዳ ዝናብ ይችላል፣ ነገር ግን ላብ ይይዛል። እውነተኛው ቆዳ የተሻለ ይተነፍሳል፣ ዝናብ ግን ይጎዳዋል፤ ቅባትና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ሲቆም እሳት ይሆናል። ስፌቱ በሁለቱ አጥንቶች ሥር እንዳይውል ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። ስፖንጁ ውኃ እንዳይጠጣም በልብሱና በስፖንጁ መካከል ቀጭን ላስቲክ ይደረግ። ይርጋ ጨፌ ላይ ዝናብ የመታው ሰው እርጥብ መቀመጫ ምን እንደ ሆነ ያውቃል!

አምስተኛ፣ ከፍታ። በመቀመጫው ላይ እንዳላችሁ የሁለቱም እግሮቻችሁ የፊት መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጥ አለበት። ከኋላ ሰው ከሚያፈናጥጥ ሰው ዘንድ ይህ ነገር ድርድር የለውም።

ጄል፣ አየር ወይስ አጎዛ?

በየሱቁ «ጄል ያለበት» እየተባለ የሚሸጥ አለ። ጄል ክብደትን በመጠኑ ያካፍላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ከቆመ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ መጥፎ ከሆነም መጥፎውን ጥሩ አያደርገውም።

የአየር ትራስም አለ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚኖሩ ሰዎች ቁስል እንዳይወጣባቸው ሮሆ የሚባል፣ በትናንሽ የአየር ከረጢቶች የተሠራ ትራስ አለ፤ ኤርሆክ የሚባለው የሞተር ትራስ ከዚሁ አሠራር የመጣ ነው። የብዙ ሰው ስሕተት ትራሱን እንደ ኳስ መንፋቱ ነው። ትክክለኛው አየር ሰውየውን ከሥሩ መቀመጫ ጥቂት ብቻ የሚያነሣው ነው። ከመጠን ካለፈ ያንሳፍፋል፣ ያንሸራትታል። አንዳንድ ጎበዞች የጎማ ካላማዳሪያ ነፍተው ሲቀመጡበት አይተናል፤ በጠማማ መንገድ ላይ ስለሚንሸራተት አንመክርም።

የእኛው አጎዛ ግን እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። ጠጉሩ በገላና በመቀመጫ መካከል አየር ያሳልፋል፣ ላብ ያደርቃል፣ ፍትጊያ ይቀንሳል። መጠፍጠፉን አያድንም፤ ነገር ግን ቅርፁ ደኅና የሆነን መቀመጫ በጣም ያሻሽላል። በጠፍር ወይም በላስቲክ ጠብቆ ይታሰር፤ ጫፉ ወደ ማርሚታው እንዳይወርድ ይታይ፤ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈን። አንዲት እናታችን ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ቤት ያለውን አጎዛ ትታችሁ ነው ገበያ ለገበያ የምትዞሩት?» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፤ መልስ አልነበረንም።

ከባለሙያው ጋር ስንነጋገር

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ነገ መንገድ አለብኝ ብሎ ዛሬ ማታ መቀመጫ ማሠራት ትርፉ ጸጸት ነው። ስለዚህ አራት ነገር እንለምናችኋለን።

ነባሩን መቀመጫ አታስቆርጡ። ከተቻለ ሌላ አሮጌ መቀመጫ ገዝታችሁ በእርሱ ላይ አሠሩ፤ ካልሆነላችሁ መመለሻ አለና።

ልብሱ ከመወጠሩና ስፖንጁ በማስቲሽ ከመጣበቁ በፊት ስፖንጁን በቦታው አሥራችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ንዱበት። የአንድ ሰዓት ሙከራ ከአሥር ሰው ምክር ይበልጣል። እኛ ያን ጊዜ ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ አጥንት ባልተሰበረ ነበር።

ቁልፉንና ብሎኑን ተመልከቱ። አዲሱ መቀመጫ በትክክል ካልገባ በመንገድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ ያለውን ባትሪና ሽቦም እንዳይጫን እዩ።

የሚያፈናጥጡትን ሰው አስቡ። ነጂው መሪ ይይዛል፣ የእግሩን መርገጫ ተጭኖ ብድግ ማለት ይችላል፤ የተፈናጠጠው ግን ጉድጓዱ ሳይታየው ነው የሚደርስበት። ከኋላ ያለው ስፖንጅ እንዲያውም ከፊተኛው የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ወደ ኋላ አያዘቅዝቅ፣ መያዣ ብረትም ይኑረው። ባለቤታችሁን ሳትጠይቁ የኋላውን አታሠሩ።

ከሁሉም በኋላ ግን የማይቀር እውነት አለ። ሰውን ቀኑን ሙሉ ሳይነሣ የሚያስቀምጥ መቀመጫ የለም። በየሰዓቱ ወርዳችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ፣ ውኃ ጠጡ። ልትቆሙ ስትሉ አስቀድማችሁ የእግራችሁን ጣቶች በጫማ ውስጥ አንቀሳቅሱ፤ ካልተሰሟችሁ ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ አስተማማኝ ጥግ ፈልጋችሁ፣ በመርገጫው ላይ ብድግ ቁጭ ብላችሁ ደሙ ሲመለስ ቁሙ። ከወረዳችሁ በኋላም ድንዛዜው አልለቅ ካለ፣ ወይም ቁስል ከወጣ፣ የመቀመጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሐኪም ጉዳይ ሆኗልና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ማጠቃለያ

የወንድማችን መቀመጫ አሁን ተለውጧል። ሶፋው ወጥቶ በቦታው ከባድና ጠጠር ያለ ስፖንጅ ገብቷል፤ ወደ ፊት ማዘቅዘቁ ተስተካክሏል፤ ከፍታው ወደ ነባሩ ተመልሷል፤ ከላዩም አጎዛ ታስሯል። ከዚያ ወዲህ ያቤሎ ደርሶ ተመልሷል። ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ አይልም፤ ነገር ግን «ስቆም እግሬን አውቀዋለሁ» ይላል። ለእኛ ይህ ይበቃናል። ባለቤቱ ግን እስካሁን ድረስ ወደ ኋላው መቀመጫ አልተመለሰችም፤ መጀመሪያ ራሷ ለክታና ሞክራ ካልሆነ እንደማትወጣ ነግራናለች። ልክ ናት።

እንግዲህ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሜና እሑድ ሥራችን በኋላ በማኅበሩ ግቢ እንገኛለን። ካርቶንና ሜትር እኛ እናቀርባለን። ውፍረታቸውና ጥንካሬያቸው የተለያየ የስፖንጅ ቁርጥራጮችንም በጋራ ገዝተን በጽሕፈት ቤቱ አስቀምጠናል፤ ማንኛውም ነዋሪ ፈርሞ ወስዶ፣ በሞተሩ ላይ አሥሮ፣ ሞክሮ ይመልሳል። የሚፈናጠጡ እኅቶችና እናቶችም እንዲመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከእንግዲህም «ለስላሳ አሠራ» ብለን በአፋችን ብቻ አንመክርም። መጀመሪያ እንለካለን፣ ቀጥሎ እንሞክራለን፣ ከዚያ እንከፍላለን።

 መንገዱ የሰላም ይሁንላችሁ።

የሠፈሩ ሞተር ነጂ አባሎች